በጀርባ የሚሰማ ክራር

እየሩስ የተሳፈረችበት የሲሬ ሚኒባስ ነቀምቴ ሲገባ አርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጭኗ ላይ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ታቅፋለች። ቆርቆሮው ውስጥ ከሞቱ ስልኮች ስትነቅል የከረመቻቸው፣ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጡ ቫይብሬተሮች ሞልተዋል፤ ስልክ ድምፁ ሲዘጋ ኪስ ውስጥ ብርር የሚያሰኙት ናቸው። ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቁር ሰደርያ አለ። አባቷ ሦስት ቀን ሙሉ ሰፍተው፣ ፈትተው፣ እንደገና የሰፉት።

“ዛሬ የሚደርስ ደብዳቤ የለም እንዴ?” አሏት ሾፌሩ ኦቦ ዋጋሪ በመስታወቱ እያዩዋት።

“ዛሬ ደብዳቤው ራሴ ነኝ” አለቻቸው።

ኦቦ ዋጋሪ ከት ብለው ሳቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሲሬና በነቀምቴ መካከል የሁለት ወጣቶች ፖስታ ሲያመላልሱ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ምሳ ሰዓት ነው። ዓምደሚካኤል ትምህርቱን ጨርሶ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ሲመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ሲሬ ቆመ። ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ብሎት ነበርና በመናኸሪያው ዳር ወዳለች አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ቤት ገባ። ጠጋኟ እየሩስ አጎንብሳ ነበር፤ ቀና ሳትል “ተቀመጥ” አለችው። ተቀመጠ። ስልኩ ሲበራ ቀና አለች፤ ያን ጊዜ ነው ዓይን ለዓይን የተያዩት። አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ። ዓምደሚካኤል ግን እስከ ዛሬ “አውቶቡስ አመለጠኝ” ብሎ አያውቅም፤ “ሲሬ ወረድኩ” ነው የሚለው።

ከወር በኋላ በአካባቢው የስልክ መስመር ተዘጋ። እየሩስ የምትጠግናቸው ስልኮች ይበራሉ እንጂ ማንንም አይጠሩም። በዚያ ዝምታ መካከል ነው ኦቦ ዋጋሪ የመጀመሪያዋን ፖስታ ያመጡላት። በዚያው ቀን መልስ ሰጠች። መጻፍ አይከብዳትም። አባቷን ኦቦ ታፋን ማጅራት ገትር ጆሯቸውን ሲነሳቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ጋር የምታወራው በደብተር ነው። እሳቸው በአፋቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፍላቸዋለች። በዚህ ምክንያት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፋ እንኳ ከሲሬ አልወጣችም። ልብስ ሰፊውን አባቷን ከደንበኛ ጋር የሚያግባባ ሌላ ሰው አልነበረም።

ኦቦ ታፋ ከሕመማቸው በፊት ክራር ተጫዋች ነበሩ። በሲሬ ዙሪያ እሳቸው ያልዘፈኑበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም ነበር። ጆሯቸው ሲዘጋ ክራሩን ለሰው ሰጡ። “የማልሰማውን ድምፅ ሰው ላይ አልጥልም” ብለው ዝም አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

ዓምደሚካኤል ደግሞ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ አንድ ልጅ ነው። ወይዘሮ ጸሐይወርቅን ነቀምቴ ውስጥ የማያውቅ የለም። አያታቸው ከጎጃም በንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩን ብቻቸውን ያስፋፉ ሴት ናቸው። ለልጃቸው የሚያጩበትን ቤት በልባቸው ከመረጡ ቆይተዋል። ዓምደሚካኤል ይህን ያውቃል። እየሩስም ሰምታለች። በሃያ ስድስት ደብዳቤ ውስጥ ግን ሁለቱም ስለዚህ ነገር አንድ መስመር አልጻፉም።

ሃያ ሰባተኛው ደብዳቤ ስለ ውድድር ነበር። ነቀምቴ ውስጥ ሃካቶን የሚሉት ነገር ይካሄዳል፤ ወጣቶች ከአርብ ከሰዓት እስከ እሁድ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ሙዚቃን ከቴክኖሎጂ ጋር የሚያገናኝ አዲስ ነገር ይሠራሉ። “ስለ አባባ የጻፍሽልኝን አስታውሺ” ይላል ደብዳቤው። “ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ እጃቸውን ጭነው ‘ይሄኛው ዘፈን ነው’ ያሉሽን። እሱን እንሥራ። ነይ።”

መጣች።

ዓምደሚካኤል አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሲያያት ደረጃውን በሩጫ ወረደ፣ አንድ እርምጃ ሲቀረው ግን ቆመ፤ ዙሪያው ሰው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በአካል የተገናኙት አራት ጊዜ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ “ዓይኔ” እያለ የሚጽፈው እጅ ለሰላምታ ብቻ ተዘረጋ።

“አካም ጅርታ?” አለችው፣ ሳቋን እየዋጠች።

“አሁን ደህና ሆንኩ” አለ።

ያን ቀን ነቀምቴ ከሌላ ጊዜ ይልቅ ሰፋ ብላ ታየቻት።

❖

ቡድኑ አራት ሰው ነው። ኢዮስያስ የዓምደሚካኤል የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ክራር ይመታል። ሲሀም የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ናት፤ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ዓምደሚካኤል ኮምፒውተሩን ይዟል። እየሩስ መበየጃውን ያዘች።

ሐሳቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስረዳቻቸው። ክራር አምስት አውታር አለው። በእያንዳንዱ አውታር ሥር አንድ ድምፅ ለቃሚ ይቀመጣል። ሰደርያው ጀርባ ላይ ደግሞ አምስት ቦታ አለ፤ ሁለቱ ትከሻ ላይ፣ ሁለቱ ጎንና ጎን፣ አንዱ አከርካሪው ላይ። አንዱ አውታር ሲመታ የእሱ ቦታ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ጠንከር ይላል፣ ለዘብ ሲል ለዘብ ይላል።

“ለእያንዳንዱ ቦታ ስንት ቫይብሬተር?” አለ ኢዮስያስ።

“ስድስት። አንዷ ብቻዋን ጉንዳን ነው የምትመስለው። ስድስት ሲሆኑ ግን ጣት ይሆናሉ። እኔው ጀርባ ላይ ሞክሬዋለሁ።”

ሲሀም የሰደርያውን ገበር ገልጣ አየች። ኦቦ ታፋ በውስጥ በኩል ለእያንዳንዱ ሽቦ ቀጭን መሄጃ ሰፍተውለታል፤ ስፌቱ ከውጭ አይታይም። “ወላሂ ይሄ ልብስ ሰፊ አይደለም፣ መሐንዲስ ነው እንጂ!” አለች። እየሩስ አንገቷን ደፋች፤ ጆሮዋ ድረስ ኩራት ተሰማት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው አውታር ሠራ። ዓምደሚካኤል ሰደርያውን ለብሶ ዓይኑን ጨፈነ፣ ኢዮስያስ መታ።

“ግራ ትከሻ!” አለ ዓምደሚካኤል፣ እንደ ሕፃን ዘሎ። ዓይኑን ሲገልጥ ፊት ለፊቱ እየሩስ ነበረች። ሲሀም ጉሮሮዋን ጠራርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ምሳ አስይዘው መጡ።

አዳራሹን ሙሉ ነው ሰላም ያሉት፤ አንዱን “ኤባ፣ እናትህ ተሻላት?”፣ ሌላውን “አንተ ልጅ ቁመትህ የት ሊደርስ ነው?” እያሉ። ሰሐኑን በእጃቸው ዘረጉ፣ ለኢዮስያስ አጎረሱት፣ ሲሀምን ስለ ትምህርቷ ጠየቋት። ከዚያ ዓይናቸው እጇ በጥላሸት በጠቆረ፣ በማያውቋት ልጅ ላይ አረፈ።

“ይቺስ?” አሉ ልጃቸውን።

ዓምደሚካኤል አፉን ከፈተ። እየሩስ መበየጃውን አስቀመጠች። አሁን ይነግራቸዋል፣ አሁን…

“እሷ… ከሲሬ ናት። ስልክ ጠጋኝ ናት። ለሽቦው ነገር ነው የጠራናት።”

“ደግ አድርጋችኋል” አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። በሌላ ሰሐን ለብቻዋ ቆርሰው አቀረቡላት። “እንኪ የኔ ልጅ፣ አንቺም ብዪ። በባዶ ሆድ አይሠራም።”

ክፋት አልነበረበትም። ከክፋት ይልቅ ያ ደግነት ወጋት። እየሩስ ሰሐኑን ተቀብላ “ጋላቶማ” ብላ አመሰገነች፣ ሁለት ጉርሻ በላች፤ ምን እንደበላች ግን አታውቅም።

እናቱ ሲወጡ ዓምደሚካኤል ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። “እየሩስ…”

“ሁለተኛው አውታር አልቋል” አለች ቀና ሳትል። “ሌላ ሽቦ አለ?”

“እንዲህ አትበዪኝ።”

“አንተ ነህ ያልከው። ለሽቦው ነገር ነው የጠራናት አላልክም?”

“እናቴን ማዘጋጀት ነበረብኝ። ጊዜ…”

“ሁለት ዓመት ነበረህ፣ ዓምዴ።”

አመሻሹ ላይ አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ ሠራች። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ጨረሰች። አንድ ብየዳ እንኳ አልተበላሸባትም፤ ይህንን እንዲያይላት ፈለገች።

ማደሪያዋ ሲሀም የተከራየቻት ክፍል ነበር። በር እንደተዘጋ እንባዋ ወረደ።

“አብሽሪ” አለቻት ሲሀም ጎኗ ተቀምጣ። “ነገ ትሄጃለሽ እንዴ?”

“ለሱ ብዬ አልመጣሁም ብልሽ ውሸት ነው። ግን ለሱ ብዬ አልሄድም።” እየሩስ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። “አባቴ ነገ ይመጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቋል። የኔ መከፋት ከሱ ዝምታ አይበልጥም።”

ይህን ስትል ራሷን ከፍ አድርጋ ነበር፤ ልቧ ግን ገና ወለሉ ላይ ነበር።

❖

እሁድ ጠዋት ሲሀም ደጃፍ ላይ የተቀበለችውን ፖስታ አመጣችላት። ሃያ ስምንተኛው ነው። አልከፍትም አለች። ከዚያ ከፈተችው።

“እየሩስ፤

ትናንት እናቴ ‘ይቺስ?’ ስትለኝ አፌ ላይ ሁለት መልስ ነበር። ትንሹን ተናገርኩ። ለዚህ ሰበብ ስፈልግ አመሸሁ፤ አላገኘሁም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

በወረቀት ላይ ጀግና መሆን ቀላል ነው። ሃያ ሰባት ጊዜ ጀግና ነበርኩ። በአፌ አንዴ ብጠየቅ ወደቅኩ። አንቺ ደግሞ ያን ስድብ ሰምተሽ ሦስት አውታር ጨረስሽ። እያየሁሽ ነበር። እንደዚያ ተዋርጄና እንደዚያ ኮርቼ በአንድ ቀን አላውቅም።

ዛሬ ሥራውን የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። ይህ ካሣ አይደለም። ሥራው ያንቺ ስለሆነ ነው። የማርሽኝ እንዳይመስል ብዬ አጠገብሽ አልቆምም፤ ገመድ ይዤ ከኋላ እሆናለሁ። ከዚያ በኋላ ሲሬ ብትሄጂ መንገድሽ ላይ አልቆምም።

ዓምደሚካኤል”

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቁጣዋ አልበረደም። ግን ወረቀቱን ልትቀደው አልቻለችም፤ አጥፋ ከደረቷ አጠገብ አኖረችው፣ በዚህም በራሷ ተናደደች።

❖

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ ከቢላ ከተማና ከሲሬ የመጡ እንግዶች። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ኦቦ ታፋ በኦቦ ዋጋሪ ሚኒባስ ደርሰው፣ ኮታቸውን አውልቀው ሰደርያውን ለብሰዋል። ቀበቶአቸው ላይ የመለኪያ ሜትራቸው ሳይወጣ ቀርቷል።

የቡድኑ ተራ ሲደርስ ዓምደሚካኤል ማይኩን ያዘ። ፊቱ ገርጥቷል።

“እኔ ብዙ አልናገርም” አለ። “ይህን ያሰበችውም የፈጠረችውም እየሩስ ታፋ ናት። ትናንት እናቴ ማናት ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለሽቦ ሥራ የጠራናት ናት አልኳት። ዋሸሁ። እማዬ፣ ይቅርታ። ለሽቦ ሥራ የተጠራነው እኛ ነን።”

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ እጃቸው ብቻ የነጠላውን ጫፍ ጨበጠ። ዓምደሚካኤል ማይኩን ለእየሩስ ሰጥቶ፣ እንዳለው፣ ወደ ኋላ ሄደና ገመዱን ያዘ።

እየሩስ በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሰጠች፣ በአማርኛ ቀጠለች፣ መሐል ላይ ሁለቱን ቀላቀለች፤ በሲሬ ገበያ እንደሚወራው። አባቷ ማን እንደነበሩ ነገረቻቸው። ከዚያ ኢዮስያስን “ምታ” አለችው።

ኢዮስያስ መታ። ኦቦ ታፋ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

“ኢንተላ ኮ!” አሉ፤ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ አዳራሹ ጫፍ ድረስ የሚያስተጋባ ነበር። “ልጄ፣ ሦስተኛዋ ሞታለች!”

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እየሩስ ተንበርክካ የሰደርያውን ገበር ገለጠች፤ ሲለብሱት አንዲት ሽቦ ተነቅላለች። መበየጃውን ከመፈለጓ በፊት አንድ እጅ አቀበላት። ዓምደሚካኤል አጠገቧ ተንበርክኮ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ያዘላት። ጣቱ ለሙቀቱ ቅርብ ነበር።

“ያቃጥልሃል” አለች በሹክሹክታ።

“ያዝኩት። ሥሪ።”

ዓይኑን አላየችም። ጣቱን ግን አየች፤ ቀልቶ ሳለ አልተንቀሳቀሰም። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ውስጥ የተቋጠረው ነገር ትንሽ ላላ።

ክራሩ እንደገና ተመታ። የኦቦ ታፋ ፊት ቀስ ብሎ ተፈታ፣ ራሳቸው መወዝወዝ ጀመረ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከዳኞቹ አንዱ አቶ አበጋዝ ግን አላጨበጨቡም። ሠላሳ ዓመት ክራር ያስተማሩ፣ ለማመን የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። “ልጄ፣ ቅር አይበልሽ” አሉ። “አባትሽ ተጫዋች ነበሩ። የክራር ተጫዋች ጣት አይቶ ዘፈኑን ያውቃል። በጀርባቸው እንደሚሰሙት በምን አውቃለሁ?”

እየሩስ ለአባቷ በደብተር ጻፈችላቸው። ኦቦ ታፋ አነበቡ፣ ወደ አቶ አበጋዝ አዩ፣ ከዚያ ወንበራቸውን ራሳቸው አንስተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ኢዮስያስ መታ።

“ሙሽራ መሸኛ!” አሉ ኦቦ ታፋ ለግድግዳው።

ትክክል ነበር። ኢዮስያስ ሌላ ጀመረ። “የአጨዳ ነው! ምን ያስቸኩልሃል፣ ቀስ በል!” አዳራሹ ሳቀ፤ ኢዮስያስም ቀስ አለ።

ያን ጊዜ አቶ አበጋዝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ በእግር ጣታቸው ወደ መድረኩ ወጡ። ክራሩን ከኢዮስያስ እጅ ወሰዱና ያንኑ ሙሽራ መሸኛ መምታት ጀመሩ። ኦቦ ታፋ ራሳቸውን መወዝወዝ አቆሙ። አንገታቸውን አቀና አደረጉ።

“ሰው ለውጣችኋል” አሉ።

አቶ አበጋዝ መምታታቸውን ቀጠሉ።

“ይሄኛው ትልቅ ሰው ነው። አመታቱን አሳምሮ ያውቃል። ግን እጁ ከባድ ነው፤ ሁለተኛዋን አውታር ይደቁሳታል!”

አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ወንበር እየረገጠ ተነሣ። አቶ አበጋዝ ክራሩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለማያያቸው ጀርባ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

ኦቦ ታፋ ጭብጨባውን አልሰሙም። “አታቁም” አሉ። “ደግመህ ምታ።” አቶ አበጋዝ ደግመው መቱ፣ ሁለተኛዋን አውታር በለስላሳው። ኦቦ ታፋ በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ።

ከዚያ ዘፈኑ።

ድምፃቸው ዝጓል። ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ሲል ይጠፋል። ምቱን ግን አንዴም አልሳቱም። ከቤቷ የምትወጣን ሙሽራ የሚመርቅ የድሮ የኦሮምኛ ዜማ ነበር። መጀመሪያ ከኋላ አንዲት አሮጊት ተቀበሉ፣ ቀጥሎ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። እየሩስ ማይኩን እንደያዘች ቆማለች። የአባቷን የዘፈን ድምፅ ረስታው ኖሯል፤ መርሳቷን እንኳ እስከዚህች ደቂቃ አላወቀችም። እንባዋን አልጠረገችም። እንዲታይ ተወችው።

ቀና ስትል ዓምደሚካኤልን አየችው። ሁሉም ሰው አባቷን ሲያይ እሱ የሚያየው እሷን ነበር፤ የእሱም ጉንጭ ርሷል። ዓይኗን አላሸሸችም።

❖

ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ የወጡት ክራር መቃኘትን በስልክ የሚያስተምር ነገር የሠሩ የቢላ ልጆች ናቸው፤ እየሩስ ከልቧ አጨበጨበችላቸው። አቶ አበጋዝ ሽልማቱን ሲሰጧት ጎንበስ ብለው “ሠላሳ ዓመት እጅህ ከባድ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም” አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት መስማት የተሳናቸው ዘጠኝ ተማሪዎች አሉ፤ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ውጭ ነው የሚቀመጡት። “ዘጠኝ ሰደርያ ትሠሩልኛላችሁ? አባትሽ ይስፉ፣ አንቺ ሽቦውን። ስትጨርሱም ትምህርቱን አባትሽ ከኔ ጋር ያስተምሩ።”

እየሩስ ይህን በደብተሩ ስትጽፍላቸው ኦቦ ታፋ “ያስተምሩ” የምትለዋን ቃል በጣታቸው እየነኩ ሦስት ጊዜ አነበቧት።

ግቢው ውስጥ ሰው ሲበተን ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወደ እነሱ መጡ። ዓምደሚካኤል ሽቦ እየጠቀለለ ነበር፤ እናቱን ሲያይ ቆመ።

“ትናንት ስምሽን አልጠየቅኩሽም” አሏት እየሩስን።

“አዎ፣ እትዬ።”

“ማን ልበል?”

“እየሩስ ታፋ እባላለሁ” አለች አንገቷን ሳትደፋ። “የሲሬው ልብስ ሰፊ የኦቦ ታፋ ልጅ ነኝ።”

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እኔ በአንድ ከሰዓት ልቤን የምለውጥ ሴት አይደለሁም። ለልጄ ያሰብኩት ሌላ ቤት ነበር፤ አልደብቅሽም። ልጄም ትናንት ዋሽቶኛል፤ ዛሬ ሰው ፊት ‘ዋሸሁ’ ሲል መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።” ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። “ግን አባቱ ከሞተ ወዲህ እንደዛሬ ኮርቼበት አላውቅም። ይህን ድፍረት ከኔ አልወረሰውም። ከማን እንዳመጣው አይጠፋኝም” አሉ፣ መልሰው እሷን እያዩ።

እየሩስ መልስ ልትሰጥ ከንፈሯን ስትከፍት የኦቦ ታፋ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ዓምደሚካኤልን ከእግር እስከ ራስ ሲለኩት ቆይተው ነበር።

“ኢንተላ ኮ! ይሄ ነው እንዴ ደብዳቤ የሚልክልሽ?”

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ሲሀም አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። በር ላይ የቆሙት ኦቦ ዋጋሪ ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ። እየሩስ ፊቷ እሳት ሆነ፤ ዓይኗ ሳታዘው ወደ ዓምደሚካኤል ሄደ። እናቱ አጠገቡ ናቸው። ጎረቤቱ፣ ደንበኛው፣ የልጅነት አስተማሪው ሁሉ ያዩታል። ይችላል? ወይስ እንደ ትናንቱ…

ዓምደሚካኤል ሽቦውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ኦቦ ታፋ ከንፈሩን እንዲያዩ ፊት ለፊታቸው ቆመ። እናቱም፣ ግቢውም እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

“አዎ፣ አባባ። እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ጽፌላታለሁ። እወዳታለሁ። እሷ ከፈቀደች ሽማግሌ ይዤ ሲሬ እመጣለሁ።”

ኦቦ ታፋ ግማሹን ነው ያነበቡት። ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ምን አለ?”

ሁሉም እሷን ያያሉ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅም ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ልጃቸው ምን እንደሚሆን የምትፈራ እናት ብቻ ነበረች። እየሩስ ለአባቷ አልመለሰችም። መጀመሪያ ለዓምደሚካኤል ተናገረች።

“ትናንት ያልከው አሁንም ያመኛል።”

“አውቃለሁ።”

“ቶሎ አይለቀኝም።”

“እጠብቃለሁ።”

“እንግዲያው ና” አለች፤ ድምፏ ተሰበረ፣ ግን አልጠፋም። “ደብዳቤ አትላክ። በእግርህ ና።”

ዓምደሚካኤል እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ሳቀ፣ ወይም አለቀሰ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እሱም አያውቅም። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወደ ኦቦ ታፋ ሄደው፣ እጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰላም አሏቸው። ኦቦ ታፋም ምን እንደተባለ ሳያውቁ፣ ትልቅ ነገር እንደሆነ ግን ገብቷቸው፣ “ነጋ፣ ነጋ” አሉ በኦሮምኛ፣ “ሰላም ነው።”

ወደ ሚኒባሱ ሲሄዱ እየሩስ የአባቷን ክንድ ይዛለች። ኦቦ ታፋ ሰደርያውን አላወልቅም ብለዋል። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ያንን ሙሽራ መሸኛ እንደገና ጀመሩት፤ ጮክ ብለው፣ ለመላው ነቀምቴ። ሱቅ ውስጥ ያሉ ሰዎች አንገታቸውን እያወጡ ያያሉ፣ ባጃጆች ይቆማሉ።

እየሩስ ዝቅ እንዲያደርጉት አልነገረቻቸውም። ክንዳቸውን ጠበቅ አደረገችና፣ እሷም አብራ ዘፈነች።